ሐኪሙ ለማን ነው የሚጽፈው?

ባለፈው ክረምት እናቴን ይዤ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ካርድ ለማውጣት ተሰለፍን፤ ሐኪሙ ዘንድ የገባነው ረፋድ 5 ሰዓት ግድም ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድካሙ ከዓይኑ ይነበባል። «እሺ እማማ፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?» አላት። እናቴ መናገር ስትጀምር እሱም መጻፍ ጀመረ። ካርዱ ላይ ጻፈ። የላቦራቶሪ መጠየቂያ ጻፈ። የራጅ ወረቀት ጻፈ። ትልቁን መዝገብ ስቦ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ አድራሻዋን ጻፈ። የመድኃኒት ማዘዣ ጻፈ። የጤና መድን ቅጽ ላይ ፈረመ። ስንወጣ እናቴ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ «ልጁ ጨዋ ነው። ግን ፊቴን አላየውም።»

ይህን የምጽፈው ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም። ከኋላችን የተሰለፈውን ሕዝብ አይቻለሁ። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ይህን ሁሉ የሚጽፈው ለማን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ወሬ በርትቷል። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ከታካሚው ጋር እንደ ልቡ ያወራል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ንግግሩን ሰምቶ የሕክምና ማስታወሻውን ራሱ ይጽፋል። ሐኪሙ አንብቦ ያርማል፣ ይፈርማል፣ አለቀ። ቴክኖሎጂው «ሐኪሙን ወደ ታካሚው ይመልሰዋል» እየተባለ ነው።

እውነት ይመልሰዋል? ለዚህ መልስ ለመስጠት የማሽኑን ችሎታ ብቻ ማየት አይበቃም። መጀመሪያ ሐኪሙ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አንባቢ

የግሪኩ ሂፖክራተስና ተከታዮቹ የጻፏቸው፣ «ወረርሽኞች» በሚል ስም የሚታወቁ መጻሕፍት አሉ። በሁለቱ ውስጥ ከ40 በላይ የታማሚዎች ታሪክ በየቀኑ ተመዝግቧል፤ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት፣ በሦስተኛው እንቅልፍ ማጣት፣ በስድስተኛው መቃዠት፣ ከዚያ ወይ መዳን ወይ ሞት። የሚያስደንቀው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ታማሚዎች መሞታቸው ነው። ጸሐፊው አልደበቀም። እንዲጽፍ ያስገደደው ሕግ፣ ካልጻፈ ገንዘብ የሚከለክለው መሥሪያ ቤት አልነበረም። የጻፈው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሐኪም ነው። «እኔ ይህን አየሁ፤ አንተ ስታይ እወቀው» ነው ነገሩ።

ለብዙ መቶ ዓመታት የሕክምና ጽሑፍ በአመዛኙ እንዲሁ ቀጠለ። ሐኪም ለሐኪም፣ አንዳንዴም ሐኪም ለራሱ ይጽፋል። ችግሩ ለራሱ ሲጽፍ መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እያንዳንዱ ሐኪም የራሱ ደብተር ነበረው። ሦስት ሐኪም ያየው ታማሚ ታሪኩ በሦስት ደብተር ተበትኖ ይቀራል።

ይህን የቀየረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሮቸስተር በምትባል ከተማ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ነው። ሄንሪ ፕለመር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 አዲስ አሠራር ዘረጋ፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቁጥር፣ ለዚያ ቁጥር አንድ ፋይል። ማንም ሐኪም ቢያየው የሚጽፈው እዚያው ፋይል ውስጥ ነው። ዛሬ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ «ቁጥርህን ንገረኝ» ስንባል የምንኖረው በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ነው።

ተቆጣጣሪው መጣ

ቀጥሎ የመጣው አንባቢ ተቆጣጣሪ ነው። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሆስፒታሎች ሊያሟሉት የሚገባ ዝቅተኛ መስፈርት አወጣ። ከመስፈርቱ አንዱ ለእያንዳንዱ ታካሚ የተሟላ መዝገብ መያዝ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መዝገብ የሌለው ሆስፒታል ሰው ያድን ይሁን ይግደል ማወቅ አይቻልም። በመጀመሪያው ዙር 100 እና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸው 692 ሆስፒታሎች ታዩ። መስፈርቱን ያሟሉት 89 ብቻ ሆኑ። ከወደቁት መካከል ስመ ጥሩዎቹም ስለነበሩበት፣ ዝርዝሩ ጋዜጠኞች እጅ እንዳይገባ በ1919 በኒውዮርኩ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ምድጃ ውስጥ ተጣለ ይባላል። እንደ ጋዜጠኛ ያ ምድጃ ያናድደኛል። ግን መስፈርቱ ተገቢ ነበር።

ስለዚህ ወረቀትን ጠላት አድርጌ እንዳትወስዱብኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን ልክ ናቸው። ባለፈው ዓመት የሰጧት መድኃኒት ሰውነቷን እንዳሳበጠው ካርዷ ላይ ያልተጻፈ ሴት፣ ዘንድሮ ያንኑ መድኃኒት ብትወስድ ጥፋቱ የማን ነው? ጽሑፍ ሕይወት ያድናል። ነገሩ የተበላሸው ሌላ አንባቢ ሲመጣ ነው።

ከፋዩ

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሜዲኬርን በፊርማቸው አጸደቁ። በዕድሜ የገፉ አሜሪካውያን በመንግሥት መድን መታከም ጀመሩ። ትልቅ ማኅበራዊ ድል ነው፤ አይካድም። ግን መንግሥት የሚከፍል ከሆነ «ምን ሠርታችሁ ነው የምከፍለው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የግል ኢንሹራንሶችም እንዲሁ። መልሱ ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው። «ያልተጻፈ አልተሠራም» የሚለው አባባል የሆስፒታሎች ሃይማኖት ሆነ።

በ1968 ሎውረንስ ዊድ የተባለ ሐኪም የተዝረከረከውን መዝገብ ሊያስተካክል ተነሣ። ማስታወሻ በአራት ክፍል ይጻፍ አለ፤ ታካሚው የተናገረው፣ ሐኪሙ መርምሮ ያገኘው፣ ሐኪሙ የደረሰበት ግምት፣ ቀጥሎ የሚደረገው። የእኛም ሐኪሞች ዛሬ የሚማሩት ይህንኑ ነው። የዊድ ዓላማ ሐኪሙ በሥርዓት እንዲያስብ ነበር። ከፋዮቹ ግን ሌላ ጥቅም አዩበት፤ ሥርዓት ያለው ነገር ለመቁጠር ይመቻል። በ1995 እና በ1997 የሜዲኬር አስተዳደር ባወጣቸው መመሪያዎች ክፍያው ሐኪሙ ስንት ጥያቄ ጠይቆ፣ ስንት የአካል ክፍል መርምሮ እንደጻፈ በመቁጠር ጭምር የሚወሰን ሆነ። ሐኪሙ ያሰበውን መጻፉ ቀርቶ የሚቆጠረውን መጻፍ ጀመረ። ጣቱን ተቆርጦ የመጣ ሰው ማስታወሻ ላይ «ሳንባ ደህና፣ ሆድ ደህና» የሚሉ መስመሮች በረከቱ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ሆስፒታሎች ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንዲሻገሩ በሕግ ከ27 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማበረታቻ መደበ። ተሻገሩም። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ አይነበብም የሚለው የድሮ ቀልድ ቀረ፤ የላቦራቶሪ ውጤት ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር መሮጥ ቀረ። በምትኩ ሐኪሙ ጀርባውን ለታካሚው ሰጥቶ ቁልፍ መምታት ያዘ።

በ2012 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ሐኪም ቤት ሄዳ ያየችውን በቀለም የሳለችበትን ሥዕል አትሞ ነበር። ልጅቷ የምርመራ አልጋ ላይ ተቀምጣለች፣ እናቷም እህቷም አሉ። ሐኪሙስ? ጀርባውን ሰጥቶ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጧል። የእናቴን ቅሬታ ያቺ ልጅ በቀለም ተናግራዋለች።

በ2016 ደግሞ ቁጥሩ መጣ። ተመራማሪዎች በአራት የሕክምና ዘርፍ የሚሠሩ 57 ሐኪሞችን እየተከተሉ ሰዓታቸውን ለኩ። ለታካሚ ፊት ለፊት የሰጡት ጊዜ 27 በመቶ ነው። ለኮምፒውተርና ለወረቀት የሄደው 49 በመቶ። በላዩ ላይ ቤታቸው ገብተው ማታ ማታ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይጽፋሉ። ሐኪሞቹ «የፒጃማ ሰዓት» ይሉታል፤ ልጆች ከተኙ በኋላ በሌሊት ልብስ ተቀምጦ የሰው በሽታ መጻፍ።

ድምፅ ሁሌም ተስፋ ነበር

በድምፅ የመጻፍ ተስፋ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ቶማስ ኤዲሰን ድምፅ መቅጃውን በ1877 ፈለሰፈ፤ በዓመቱ ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ማሽን ለምን ይጠቅማል ብሎ ሲዘረዝር በአንደኛነት ያስቀመጠው ሙዚቃን አይደለም። እየተናገሩ ደብዳቤ ማስጻፍን ነው።

ሐኪሞች ይህን ተስፋ ተቀበሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለመቅጃ ማሽን ይናገራሉ፤ ጸሐፊዎች ያንን እየሰሙ በታይፕ ይጽፋሉ። በኋላ ሥራው ወደ ሕንድና ፊሊፒንስ ተሻገረ፤ አሜሪካ ማታ የተቀዳው እስያ ቀን ይጻፋል። በ1990 ድራገን የተባለ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሶፍትዌር ገበያ ወጣ፤ ግን በቃላት መካከል ቆም እያሉ መናገር ይጠይቅ ነበር። በ1997 ያለማቋረጥ የሚወራውን የሚጽፈው መጣ። ከዚያም ሆስፒታሎች ሐኪሙ አጠገብ ተቀምጦ የሚጽፍለት ሰው መቅጠር ጀመሩ።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ። ከመቅጃ ማሽኑ እስከ ቅጥር ጸሐፊው ሁሉም የሐኪሙን እስክሪብቶ አፍጥነዋል። የ2016ቱ ጥናት የለካው ሸክም የመጣው ግን ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እስክሪብቶው በፈጠነ ቁጥር የሚጠየቀው ጽሑፍም ጨመረ። መንገድ ሲሰፋ መኪናው እንደሚበዛው ማለት ነው።

አዲሱ ጸሐፊ

ማይክሮሶፍት ድራገንን የያዘውን ኑዋንስ የተባለ ኩባንያ በ2021 በ19.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ጦርነቱ ለምን እንደሆነ ገንዘቡ ይናገራል። የአዲሶቹ መሣሪያዎች ልዩነት ሐኪሙ እንዲያስጽፋቸው አለመጠበቃቸው ነው። ንግግሩን ይሰማሉ፣ ማን ምን እንዳለ ይለያሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ የተወራውን ይተዋሉ፣ የቀረውን በዊድ አራት ክፍሎች አደራጅተው ያቀርባሉ።

ሙከራው ትንሽ አይደለም። ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ ዘ ፐርማነንቴ ሜዲካል ግሩፕ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ለሐኪሞቹ አቀረበው፤ በ10 ሳምንት ብቻ 3,442 ሐኪሞች 303,266 በሚሆኑ የሕክምና ቀጠሮዎች ላይ ተጠቅመውበታል። ማታ የሚጻፈው እንደቀነሰና ከታካሚ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት እንደተመለሰ የተናገሩ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ይህን አላጣጥልም። ሌሊት ሲጽፍ የሚያድር ሐኪም አንድ ሰዓት ቢተኛ ነገ የሚያክመው ሰው ይጠቀማል።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ስህተት ነው። ዊስፐር በተባለው የኦፕን ኤአይ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ቀያሪ ላይ በ2024 የወጣ ጥናት ከተፈተኑት የድምፅ ቁራጮች 1 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ማሽኑ ማንም ያልተናገረውን ሐረግ ወይም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከራሱ ፈጥሮ እንደጻፈ አሳየ። ከእነዚህ 38 በመቶው ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ነበሩ። ይበልጥ የሚያስፈራው ፈጠራው በማን ላይ እንደሚበዛ ነው፤ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ንግግር የሚቸግራቸው፣ በቃላት መካከል ረጅም ዝምታ ያላቸው ሰዎች ላይ። ማሽኑ ዝምታን አይወድም፤ ይሞላዋል። የታመመ ሰው ደግሞ ዝም ይላል። 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሚያይ የሆስፒታል ሰንሰለት ግን ስንት ሰው እንደሚሆን አስሉት።

ሁለተኛው ጥያቄ ከፋዩ ነው። እነዚህን መሣሪያዎች የሚሸጡ ድርጅቶች ለሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ሲያስተዋውቁ ስለ ሐኪሙ እንቅልፍ ብቻ አያወሩም። ማስታወሻው ስለተሟላ ክፍያው እንደሚያድግም ይናገራሉ። የተረፈው ሰዓት ለማን ነው? ለታካሚው? ለሐኪሙ ልጆች? ወይስ በቀን ሁለት ተጨማሪ ቀጠሮ ሊጨመርበት? ታሪክ የሚያስጠነቅቀን በሦስተኛው ነው።

ወደ እኛ ሰልፍ ስንመለስ

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ጣጣ ነው፣ እኛ ገና ካርድ እየጠፋብን ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን አንባቢዎቹ እኛም ዘንድ እየበዙ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ግቡና መዝገቦቹን ቁጠሩ፤ የተመላላሽ፣ የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድ፣ የክትባት፣ የቲቢ። ከእነሱ የሚደመረው ቁጥር ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ጤና ሚኒስቴር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ ከፋዩን አመጣልን። ድሃ ታክሞ እንዲድን የሚያደርግ መልካም ሥራ ነው። ግን የአሜሪካን ታሪክ ያነበበ ሰው ቅጹ ከዚህ በኋላ እየረዘመ እንጂ እያጠረ እንደማይሄድ ይገምታል።

በላዩ ላይ እኛ ዘንድ አሜሪካ የሌለ ሸክም አለ። እናቴ በአማርኛ ትናገራለች፤ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ብዙ ቦታ ታማሚው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ ይናገራል፣ ዘመድ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ ሐኪሙ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጣል። ይህን ትርጉም ሐኪሙ ማንም ሳይከፍለው፣ ማንም ሳይቆጥርለት በጭንቅላቱ ይሠራዋል። «ብርድ መታኝ» ያለው ሰው ጉንፋን ይዞት ይሁን፣ ጎኑን ይውጋው፣ ወይስ ሲሸና ያቃጥለው ጠይቆ ይለያል። «ልቤን ያመኛል» ስትለው እጇ ደረቷ ላይ ይረፍ ጨጓራዋ ላይ ያያል። ማሽኑ እጅ አያይም። ቃሉን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ከገለበጠው የጨጓራ ታማሚዋን የልብ ታማሚ አድርጎ ሊያሳድራት ይችላል።

ቋንቋችንን ምን ያህል እንደሚያውቁትም አስቡ። ዊስፐር መጀመሪያ ሲወጣ የሠለጠነው በ680 ሺህ ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ውጪ ያሉ 96 ቋንቋዎች በየራሳቸው ቋንቋ ለመጻፍ የደረሳቸው በጠቅላላ 117 ሺህ ሰዓት ነበር። በአማርኛ በኩል ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት የንግግር ክምችት 20 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለአማርኛ ትልቅ ውለታ የዋለ ሥራ። ግን ከወረቀት ላይ የተነበበ ንግግር ነው። የምታቃስት ሴት ንግግር ሌላ ነው።

እኔ በሥራዬ ይህን ቀምሼዋለሁ። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ በእጅ ለመገልበጥ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ለማሽን ሰጠሁት። ሰውየው «አልፈረምኩም» ያለውን «ፈረምኩ» ብሎ ጻፈው። በአማርኛ «አል» የምትባለው አንዲት ቁራጭ ስትዋጥ እውነት ይገለበጣል። ደግሜ ባላዳምጠው ኖሮ ሰውየውን ወንጅዬው ነበር። አሁን «መድኃኒቱን አላቋረጥኩም» ያለችን የደም ግፊት ታማሚ አስቡ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ቴክኖሎጂው አይምጣ አልልም፤ ይመጣል፤ ቢመጣም ደስ ይለኛል። ሦስት ነገር ግን ይቅደም።

አንደኛ፣ ማሽን ከመግዛታችን በፊት ወረቀቱን እንቀንስ። አንድን ስም ሦስት መዝገብ ላይ የሚያስጽፈው አሠራር ካልተነካ ማሽኑ ያንኑ ስም ሦስት ጊዜ በፍጥነት ከመጻፍ ውጪ ምን ያደርግልናል?

ሁለተኛ፣ የታካሚው ፈቃድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ጠረጴዛው ላይ የሚቀዳ ስልክ እያየ ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ አእምሮው ሕመም የሚናገር ስንት ሰው አለ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ የጤና መረጃም በጥብቅ ከሚጠበቁት ውስጥ ነው። ድምፁ የት አገር ኮምፒውተር ላይ እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደሚጠፋ ካርድ ሲወጣ በታካሚው ቋንቋ ይነገረው። «አልፈልግም» ያለ ሰውም ሕክምናው እንዳይጓደልበት።

ሦስተኛው የመጣልኝ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ነው። ጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን ታውቃላችሁ። ባለጉዳዩ በራሱ አፍ ያወራል፤ ጸሐፊው በሕግ ቋንቋ ያሰፍረዋል። ጥሩው ጸሐፊ ግን ሳያስፈርም በፊት ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ «እንዲህ ነው ያልከው?» ይለዋል። ባለጉዳዩ «አይ፣ እንደሱ አላልኩም» ካለ ይሰረዛል። ማሽኑም የጻፈውን በታካሚው ቋንቋ ያንብብ፤ ታካሚዋ ሰምታ «አዎ» ትበል፤ ከዚያ ሐኪሙ ይፈርም። ይህ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ከተረፈው ሰዓት ላይ ይቀነስ።

ያኔ የሕክምና ጽሑፍ ለሐኪሙ፣ ለተቆጣጣሪው፣ ለከፋዩና ለሚኒስቴሩ ከተጻፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚዋም ይነበብላታል።

እናቴ ለቀጣዩ ቀጠሮ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ሌላ ሐኪም ነች ያገኘናት። ካርዱን ገለጠች፣ ያ ወጣት የጻፈውን አነበበች፣ ከዚያ ቀና ብላ «እማማ፣ እግርዎ ማበጡ ቀነሰልዎት?» አለቻት። እናቴ ደነገጠች። ስለ እግሯ ነግራው እንደነበር ረስታዋለች። ፊቷን ያላየው ልጅ ለካ ሰምቷታል፤ ጽፎላታልም።